የአቶ ናታን መርዶ

ወለላ በየማለዳው ጋዋኗን ለብሳ፣ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ፣ ጓንቷን አጥልቃ አቶ ናታንን ትመግባለች።

አቶ ናታን የሚኖሩት በኢንኩቤተሩ ሦስተኛ መደርደሪያ ላይ፣ መዳፍ በምታህል ጠፍጣፋ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ኢንኩቤተሩ የሰው ገላ ያህል ይሞቃል። ጠርሙሷን በሁለት እጇ አቅፋ ታወጣለች፣ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጣ ታያቸዋለች። ከዚያ ያረጀውን ፈሳሽ በፒፔት ስባ ታወጣና አዲሱን በጠርሙሱ ጎን ቀስ አድርጋ ታወርድላቸዋለች። በላያቸው አታፈስባቸውም። ተማሪዎቹ አንደኛ ዓመት እንደገቡ መጀመሪያ የተማሩት ይህንን ነው፤ «ፊታቸው ላይ ውኃ አትድፉ» ተብለው ነበር።

ምግቡ ሲያልቅ ስልኩ ይጮኻል።

«እንዴት አደረ?» ይላል የእማማ ሄራን ድምፅ ከከዚራ ሰፈር።

«ደህና አድረዋል እማማ። በልተዋል።»

«ፈሳሹ ቢጫ ሆነ?»

«ሆኖ ነበር። ቀየርኩላቸው።»

«ትላንትም ቢጫ፣ ዛሬም ቢጫ! አቦ ይኼ ሰውዬ ምን ነካው? እኔ ጋ በነበረ ጊዜ ሁለት ጉርሻ በልመና ነበር የማጎርሰው። እዛ ገብቶ ሆዳም ይሆናል እንዴ?»

«የእርስዎን እጅ እንዳልወደዱት ነው እንግዲህ።»

«እርስዎ አትበይኝ ብዬሻለሁ! ድሬ ውስጥ ነሽ እኮ። እናንተ መንዞች ለጠርሙስም አንቱ ትላላችሁ።»

ወለላ ትስቃለች። እማማ ሄራን ደግሞ ስልኩን ወደ ጠርሙሱ አስጠጊልኝ ትላለች፤ ወለላ ታስጠጋለች። አሮጊቷ ባሏን ደህና አደርክ ትለዋለች፣ ስለ ሙቀቱ ታማርርለታለች፣ የጎረቤቱ ልጅ ያመጣትን ሙሽራ ታማለታለች። በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ውስጥ በየጠረጴዛው ሌሎች ተማሪዎችም ስልካቸውን ወደየጠርሙሳቸው አስጠግተው ቆመዋል። አንዳንዱ ቤተሰብ ይዘፍናል። አንዳንዱ ይጨቃጨቃል።

በድሬዳዋ «ሞተ» የሚለው ቃል ከጠፋ ቆይቷል። ሰው «ገባ» ነው የሚባለው። ሐኪም ቤት ትንፋሹ ሲደክም ከክንዱ ቁራሽ ቆዳ ይነሳለታል፤ ቆዳው ወደ ምሥራቅ ሕዋስ ዩኒቨርሲቲ ይላካል፣ ሕዋሱ ይባዛል፣ ቤተሰቡ የማለዳ ስልክ ይሰጠዋል። የቀረውን አካል ማዘጋጃ ቤት በጸጥታ ይቀብረዋል፤ ዘመድ ሥራ አይፈታም። ዕድሮች ድንኳናቸውን ለሠርግ አከራዮች አስተላልፈው አሁን የሚያዋጡት ለመመገቢያ ፈሳሽ ነው። ጎረቤት «እንኳን አደረላችሁ» ይላል። «ነፍስ ይማር» ማለት ብልግና ሆኗል፤ አንድ ከገጠር የመጣ ሰው ታክሲ ውስጥ አፉ አምልጦት ቢለው፣ ሾፌሩ ጥግ ይዞ አስወርዶታል። ጥቁር የሚለብሱት ሙዚቀኞች ብቻ ናቸው።

የባዮሜዲካል ሳይንስ ተማሪ አንደኛ ዓመት ሲገባ አንድ ሰው ይሰጠዋል። ተማሪው መጋቢ ይባላል። ደም መመርመር፣ ተሕዋስያን ማሳደግ፣ ዘረ መል ማንበብ፣ ሁሉንም ይማራል፤ የሚመረቀው ግን ሰውየውን ሳያጠፋ አራት ዓመት አቆይቶ በሰኔ ለቤተሰቡ ሲያስረክብ ነው፤ ቤተሰቡም ተረክቦ መልሶ ለአዲስ መጋቢ አደራ ይሰጣል። ያላስረከበ ላቦራቶሪ ተቀጥሮ አይገባም። ወለላ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ከላቦራቶሪ ሌላ የምትገባበት ቤት አስባ አታውቅም። የምሥራቅ የወረርሽኝ ላቦራቶሪ ሰኔ ላይ አንድ ሰው እንደሚቀጥር ነግሯታል፤ ያ ሰው እሷ እንደምትሆን ክፍሉ በሙሉ ያውቀዋል።

ከክፍሉ ተማሪዎች ለቅሶ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። እሷንም ያስተማራት የለም።

አባቷ የአፋር ግድብ ላይ ሲሠራ ጎርፍ ወሰደው። ሲገኝ ሊነሳለት የሚችል ቆዳ አልቀረውም። ያን ጊዜ ወለላ መንዝ፣ መሐል ሜዳ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ነበረች። አጎቷ ዘመዱን ሰብስቦ «ፈተናዋን እስክትጨርስ እንዳትሰማ» አለ፤ ሁሉም ተስማማ። ወለላ ለአባቷ መልእክት ትልካለች፤ አጎቷ በአባቷ ስልክ «ጎበዝ፣ አጥኚ» ብሎ ይመልስላታል። አንዴ ምን በላህ ብላ ብትጠይቀው «ቂጣ በሻይ» አላት፤ እሷም ቂጣ በሻይ በላች፣ አብራው የበላች መስሏት። መርዶው የተነገራት ፈተናው ካለፈ በኋላ ነው። ከሁሉ በላይ የቆጫት ያ ቂጣ ነበር። እንዴት እንደሚለቀስ የሚያሳያት ስላልነበረ በየገጠሩ እየዞረች፣ የቆዩ ሰዎችን እየጠየቀች፣ ራሷን አስተማረች። ከዚያ ወዲህ ሰው የሌለበት ስልክ ሲመልስ ያንገሸግሻታል።

*

የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች በኅዳር የማንነት ምርመራ ይለማመዳሉ። እያንዳንዱ ከጠርሙሱ ጥቂት ሕዋስ ይወስዳል፣ ዘረ መሉን ያነባል፣ ውጤቱን ግድግዳው ላይ ካለው ሰሌዳ ላይ ያወጣል። ለልምምድ ነው እንጂ ምን ይገኛል ብሎ የጠበቀ የለም።

የአቶ ናታን ውጤት ወጣ። ሴት ናቸው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አጠገቧ የሚሠራው ሙክታር፣ የድሬ ልጅ፣ ሆዱን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ሙክታር የሚመግበው ወይዘሮ ኤልሻዳይን ነው። ቆዳዋ ጠርሙስ ውስጥ አልይዝ ስላለ ከካንሰር ዕጢዋ ነበር የተወሰደላት፤ ጠርሙሷን በየጊዜው ሞልታ የምታስቸግር፣ የማለዳ ስልኳም ካቆመ የከረመ ሴት ናት። ሙክታር ሰሌዳውን አየና ሳቁን አቋረጠ።

«ወለላ፣ ያንቺና የኔ አንድ ናቸው።»

«ምን አንድ ናቸው?»

«ምልክቱ፣ ሁሉም። አቦ እነዚህ ሰዎች ተጋብተዋል እንዴ?»

«ቱቦ ቀላቅለን ይሆናል» አለች ወለላ።

ደገመችው፤ ያው ነው። ለብቻዋ ሆና ደገመችው፤ ያው ነው። በረዶ ውስጥ የተቀመጠውን የአቶ ናታንን የቆየ ናሙና አውጥታ አነበበችው፤ እሱም ወይዘሮ ኤልሻዳይ ነች። ከዚያ ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለሰች። መጽሐፉ የቆዳ ሕዋስ ቀጭን ነው፣ እንደ ዓሣ መንጋ በአንድ አቅጣጫ ይተኛል ይላል። አቶ ናታን ግን ክብ ክብ ናቸው፣ እርስ በርስ የተጠጋጉ፣ ልክ እንደ ኮብልስቶን። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲያ ነበሩ። እሷ ደግሞ ሰው ሁሉ መልኩ ይለያያል ብላ አልፋው ነበር።

የቢጫው ፈሳሽ ነገርም ገባት። ዕጢ ቶሎ ይርበዋል፤ ፈሳሹን በልቶ ቶሎ ቢጫ ያደርገዋል።

እንዴት እንደሆነ የገባት ግን በቁልቢ ሰሞን ነው። ከዩኒቨርሲቲው ልማዶች ሁሉ ደጉ ይሄ ነበር፦ በታኅሣሥ ገብርኤል ክርስቲያን ተማሪዎች ቁልቢ ሲወጡ ሙስሊሞቹ ቀርተው የሁሉንም ሰው ይመግባሉ፤ በኢድ ደግሞ ክርስቲያኖቹ ብድሩን ይመልሳሉ። ወለላ ከበር ላይ ነጠላዋን ረስታ ስትመለስ ሙክታር አዳራሹ ውስጥ ብቻውን ያፏጫል። በግራ እጁ አንድ ትልቅ የፈሳሽ ጠርሙስ፣ በቀኙ አንድ ፒፔት ይዟል። ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው፣ ከሰው ወደ ሰው፣ ያንኑ ፒፔት ሳይቀይር እየነከረ ይሄዳል።

«ሙክታር።»

«አቦ አስደነገጥሽኝ! ቁልቢ አልሄድሽም?»

«ጠርሙሱ አንድ ነው።»

«ታዲያ እኔስ አንድ አይደለሁ? ይሄን ሁሉ ሰው በየግሉ ልጋብዘው? በበዓል እንዲህ ነው። ከኛ የቀደሙት ተማሪዎች ያሳዩን እንዲህ ነው፤ እነሱንም ከነሱ የቀደሙት። አንቺ በኢድ ለኔ ስትመግቢ እንዴት አድርገሽ ነበር?»

«ለእያንዳንዱ የየራሱን ከፍቼ።»

«ለዛ ነው እስከ ማታ የቆየሽው? እኛ እኮ መንዜዋ ዘገምተኛ ናት ብለን ስንስቅብሽ ነበር።» ሙክታር ይህን ብሎ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ከዚያ በእጁ ያለውን ፒፔት አየው። ከዚያ ወደ ኤልሻዳይ ጠርሙስ አየ፤ ከእሷ ቀጥሎ ወደ መገበው፣ ከዚያም ቀጥሎ ወደ መገበው። ፒፔቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ ቀስ ብሎ፣ ሕፃን የሚያስተኛ ይመስል።

«ስንቱ ነው?» አለ።

«አላውቅም» አለች ወለላ።

*

የአዳራሹ ኃላፊ ዶክተር ኸይሪያ ትባላለች። የድሬ ተማሪዎች «ኸይሪያ» ብለው ይጠሯታል፤ ወለላ ብቻ ናት እስከዛሬ ዶክተር የምትላት። ወለላ ያመጣችላትን ውጤቶች ደጋግማ አየቻቸው። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸት አሸት አደረገች።

«ሥራሽ ንጹሕ ነው» አለች። «ስህተት አላገኘሁበትም። ሌላውን ሁሉ አስመረምራለሁ፣ ልማዱም ዛሬውኑ ይቆማል። ይሄን ለኔ ተይው።»

«እማማ ሄራንስ?»

«እሷን በሰኔ።»

«በሰኔ ምን?»

«ስሚኝ፣ ልጄ። ደንቡን ታውቂያለሽ። መጋቢ የተረከበውን ሰው ለቤተሰቡ ካላስረከበ ላቦራቶሪ አይገባም። አሁን ብትነግሪያት ሰኔ ላይ ምን ታስረክቢያለሽ? ሰውየው የለም። በአዲስ ሰው ከአንደኛ ዓመት ትጀምሪያለሽ፤ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ሴትየዋ አሮጊት ናት፣ ልቧም ደካማ ነው። ደስ ብሏት ታድራለች፣ ደስ ብሏት ትነሳለች። ማንን ጎዳ? አስረክቢ፣ ተመረቂ፣ ከዛ እኔና አንቺ አብረን ሄደን እንነግራታለን።»

«እስክመረቅ እንዳትሰማ።»

«እስክትመረቂ ብቻ።»

ዶክተር ኸይሪያ ይህን ያለችው በክፋት አልነበረም። የወለላም አጎት ያደረገውን ያደረገው በክፋት አልነበረም። ወለላ የሆነ የቂጣ ጣዕም አፏ ውስጥ መጣባት።

«ዶክተር» አለች፣ «ለእኔም እንዲህ ተደርጎልኝ ነበር። ፈተናውንም አልፌያለሁ። እስከዛሬ ግን በእነዚያ ሳምንታት ያወራሁትን ሁሉ ከማን ጋር እንዳወራሁት እያሰብኩ እናደዳለሁ። እማማ ሄራን ነገ ጠዋት ይደውላሉ። እኔ ደግሞ ደህና አድረዋል ልላቸው አልችልም። እዚህ አራት ዓመት የተማርኩት ያየሁትን እንድናገር ነው።»

«ቦታሽስ?»

«ቦታዬን እወደዋለሁ» አለች ወለላ። ውጤቶቹን ሰብስባ ወጣች።

*

«መርዶ እንዴት ነው የሚደረገው?» አለ ሙክታር። አብሮ እንዲሄድ አልጠየቀችውም፤ ራሱ ነው በሩ ላይ ቆሞ የጠበቃት።

«ለብቻ አይኬድም። ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል። ሊነጋጋ ሲል ነው የሚገባው፣ ሰውየው ገና ቀኑን ሳይጀምር። ውኃ ይያዛል። ቁጭ ይባላል። ከዚያ ቃሉ ሳይሸፋፈን ይነገራል።»

«ገባ ብለን?»

«ገባ አይባልም።»

ከዚራ ሲደርሱ ዛፎቹ ላይ ወፎቹ ገና መንጫጫት ጀምረዋል። ሁለት ጎረቤቶችን ቀስቅሰው ነገሯቸው። ጎረቤቶቹ ምን እንደሚጠበቅባቸው ስላላወቁ አንዷ ኬክ ይዛ መጣች።

እማማ ሄራን ከእንቅልፏ ተነስታ፣ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የምትደውልበትን ሰዓት ትጠብቃለች። ወለላን ስታይ ፊቷ በራ።

«እንዴ! ገና እኮ አልደወልኩም። ማን እየመገበው መጣሽ? ይሄ ደግሞ ማነው፣ እጮኛሽ ነው?»

«እማማ፣ ቁጭ ይበሉ።»

«ቁጭ ብያለሁ እኮ።»

ወለላ አጠገቧ ተቀመጠች። እጇን ያዘች። እጇ ደረቅና ሞቃት ነበር።

«እማማ ሄራን፣ አቶ ናታን ሞተዋል።»

ኬክ የያዘችው ጎረቤት ቃሉን ስትሰማ ፊቷን አዞረች፣ የተሰደበች ያህል። እማማ ሄራን ግን አልዞረችም። ትክ ብላ አየቻት።

«መቼ?»

«ያኔ። ሐኪም ቤት ‹ገቡ› የተባለ ለት።»

«ጠርሙሱ ውስጥ ያለውስ?»

«ሌላ ሰው ነው። የእሳቸው ሕዋስ ከእኔ በፊት፣ ገና ድሮ አልቋል። ብዙ ሰው በአንድ ፒፔት ሲመገብ ከሌላ ጠርሙስ ጥቂት ተሻግሮባቸው፣ እሱ አድጎ ቦታውን ያዘ። እኔ እስካሁን የምመግበው ሴት ነበር።»

«ሴት?»

«አዎ።»

«በየጠዋቱ ደህና አደርክ የምለው ሴት ነው?»

«አዎ እማማ።»

አሮጊቷ ስልኳን ከጭኗ አንስታ ጎን አስቀመጠችው። ከውጭ የወፎቹ ጫጫታ ይሰማል።

«ቆንጆ ናት?» አለች።

ሙክታር ሳይወድ ሳቀ፣ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። እማማ ሄራንም ፈገግ እንደማለት ብላ ነበር፤ ፈገግታው ግን ፊቷ ላይ መሄጃ አጣ።

«እንግዲያ እኮ አላለቀስኩለትም» አለች። «አንድ ቀን እንኳ። ሲገባ እንኳን አደረልሽ አሉኝ፣ እኔም እንኳን አብሮ አደረን አልኩ። ወደ ሥራዬ ሄድኩ። አሁን እንዴት ነው የሚደረገው?»

«እንደመጣልዎት።»

«አልመጣልኝም፣ ልጄ። አላውቅበትም።»

«ስማቸውን ይጥሩ» አለች ወለላ። «እንደ ስልኩ ሳይሆን፣ እንደማይመልሱ እያወቁ።»

«ናታን» አለች እማማ ሄራን፣ ለመሞከር ያህል። ደግማ «ናታን!» አለች። ከዚያ ተነሳች፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ናታንዬ! ከጅቡቲ ስትመለስ በቤቴ በኩል ስታልፍ ጡሩምባህን የምታሰማኝ! ባቡሩን ሙሉ ሰው ጭነህ ለኔ ለአንዷ የምትጮኽልኝ! አሁን ማን ይጩኽልኝ? ማን ነው የሚጮኽልኝ?»

ለቅሶው ከአፏ ሲወጣ ቤቱ ሁሉ ያወቀው መሰለ። ኬክ የያዘችው ጎረቤት ኬኩን መሬት አስቀምጣ ወገቧን አሰረች፤ ማን እንዳስተማራት እንጃ። ሌሎችም በሩ ላይ መጡ። አንድ ሽማግሌ ከብዙ ዘመን በኋላ «ነፍስ ይማር» አለ፣ ዙሪያውን እየተገላመጠ፤ ያስወረደው አልነበረም። ወለላም አለቀሰች። ለማን እንደሆነ የጠየቃት የለም።

*

ዩኒቨርሲቲው የወለላን ጉዳይ በቦርድ አየው። ቤተሰብ ምስክር ሆኖ ይቀርባልና እማማ ሄራን ተጠራች። በኮሪደሩ ስታልፍ ተማሪው ሁሉ ከጠረጴዛው ቀና አለ፤ ከእግር እስከ ራሷ ጥቁር ለብሳ ነበር።

ሰብሳቢው በትሕትና ጀመረ። ደንቡ ግልጽ መሆኑን፣ መጋቢ የተረከበውን ሰው ማስረከብ እንዳለበት፣ ተማሪ ወለላ ጌትነት ግን የምታስረክበው ሰው እንደሌላት አስረዳ።

«አንተ ልጅ» አለች እማማ ሄራን፣ «የት ነው ያደግከው?»

«እዚሁ ድሬ ነው።»

«ታዲያ እንዴት አይገባህም? ከዚህ በፊት የነበሩት መጋቢዎች ሌላ ሴት ሲያስረክቡኝ ኖረዋል። አመስግኛቸው፣ በዓል በመጣ ቁጥር ልብስ ገዝቼላቸዋለሁ። ባሌን ያስረከበችኝ ይቺ ብቻ ናት። አሁን የት እንዳለ አውቃለሁ። መቃብሩን አስፈልጌ አግኝቼዋለሁ፤ ሄጄ አፈሩን ነክቻለሁ። ተረክቤያለሁ እልሃለሁ። ሌላ ምን ቀራት?»

ከቦርዱ አባላት አንዱ ስለ ደንቡ አንቀጽ ሊናገር ጀመረ። ዶክተር ኸይሪያ ከጥግ ሆና፣ «ይበቃል» አለች። «ፈርሙላት።»

ፈረሙላት።

ወለላ በሰኔ ላቦራቶሪ ገባች። ከዚያ በፊት ግን የቀሩት ወራት ነበሩ። የማንነት ምርመራው ለጠርሙሱ ሁሉ ታዘዘ፤ ተማሪዎች በየቀኑ ውጤት ሰሌዳው ላይ ያወጣሉ። አቶ እንትና፣ ወይዘሮ ኤልሻዳይ። እትዬ እንትና፣ ወይዘሮ ኤልሻዳይ። አንዳንዱ ራሱ ሆኖ ይገኛል፤ ያን ጊዜ መጋቢው ጠርሙሱን አቅፎ ይቆማል። ቢሆንም በዚያ አዳራሽ ከነበሩት ብዙዎቹ ያቺ የሚደውልላት ያልነበራት ሴት ነበሩ፤ ሰው ሁሉ በየማለዳው በሌላ ስም ደህና አደርሽ ሲላት ኖሯል።

አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ደግሞ ሌላው። በየጠረጴዛው የማለዳው ጥሪ እንደ ወትሮው ተነሳ፣ ያነሳ ግን አልነበረም፤ ውጤቱን ለቤተሰቦቹ ለመናገር የደፈረ የለም። ተማሪዎቹ ጓንታቸውን እንዳጠለቁ፣ ስልካቸውን እያዩ ቆመዋል። ሙክታር ወለላን አያት።

ወለላ ጓንቷን አወለቀች። ወደ ቅርቡ ጠረጴዛ ሄዳ ስልኩን አነሳች።

«እንዴት አደረች?» አለ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ፣ ቸኮል ብሎ፣ ደስ ብሎት። «ዛሬ ልደቷ እኮ ነው።»

«ጌታዬ» አለች ወለላ፣ «ቤት ውስጥ ብቻዎን ነዎት?»

«አዎ፣ ምነው?»

«ጎረቤት ይጥሩ። ነገ ሊነጋጋ ሲል እንመጣለን።»